የጋሽ አንጁሎ ድራም የማን ነበር?

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እህቴ መልሳ ደወለች። «ጠዋት ነው ያረፈው፤ ሲቀላ ሰፈር እቤቱ ሰው ተሰብስቧል» አለችኝ። ባለፈው ሰሞን እኮ ማንጎው ሥር ተቀምጦ «ድምፅሽን የት ጣልሽው?» እያለ ሲቀልድብኝ ነበር! ጋሽ አንጁሎ ሞተ ሲሉኝ እንዴት ልመን?

ለማታውቁት፣ ጋሽ አንጁሎ የአርባ ምንጭ ድራም መቺ ነበር። በሰማንያዎቹ ሲቀላ ወይ ሴቻ የተዳራችሁ ካላችሁ፣ ሠርጋችሁን ያደመቀው እሱ ነው። ከጎኑ ቆማ የምትዘፍነው ቀጭን ልጅ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቀጭን ስላችሁ እመኑኝ።

ማልቀስ ነበር የፈለግኩት። ግን ፌስቡክ ስከፍት አንድ መሥሪያ ቤት ፎቶውን ለጥፎ «የሙዚቃችን ባለውለታ» ብሎ ጽፏል። ከፎቶው ጎን አረንጓዴ የተቀባ ድራም አለ። ያን ድራም አውቀዋለሁ። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

ስለዚህ እኔም ልናገር።

መንግሥት ሲለወጥ የቀበሌው ኪነት ተበተነ። ዕቃው ከመጋዘን ጀርባ ተጣለ፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። ለቃቅሞ ቤቱ ያስገባው ጋሽ አንጁሎ ነው። በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ቀይ፣ ትንሹ ሰማያዊ፣ የሚንሿሿው ሳህን፣ ሲምባሉ፣ ከበርሜል ክዳን የተቀጠቀጠ፣ መቀመጫው የሙዝ ሣጥን። አንዱ ከሌላው አይገናኝም። እሱ ሲቀመጥበት ግን ሠርገኛ ጫማውን አውልቆ ይጨፍር ነበር።

አንድ ቀን እናቱ ከደጋ ወርደው ድራሙን አዩና «የማን ነው?» አሉት።

«የቀበሌ ነበር፤ ተጥሎ አገኘሁት።»

«ቀበሌስ ከማን አመጣው?»

«እሱን እንጃ» አላቸው። «እንግዲያው ባለቤቱን ሳታውቅ እየመታህ እንጀራ አትብላበት፤ ጎሜ ነው» ብለውት ሄዱ። ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት፣ ያልተገባ ነገር ስታደርግ ቤትህ ገብቶ አልወጣም የሚልህን ጦስ ነው። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲያ ሠርግ በሌለ ቁጥር የድራሙን ቀለም በምላጭ መፋቅ ሆነ ሥራው። «ተወው እንጂ፣ ማን ይጠይቅሃል?» ስንለው መልሱ ያው ነው፦

«ቆይ፣ ራሱ ይነግረናል።»

ነገረውም። ከትልቁ ድራም ቀይ ቀለም ሥር በእጅ የተሳለ የፈነዳ ጥጥ ወጣ። ከጥጥ እርሻ የመጣ ከሆነ ብሎ እርሻው ወዳለበት ምዕራብ ዓባያ ሄደ፤ በእርሻው ኪነት ትጨፍር የነበረች ሴት አገኘ። «ይሄን እኮ የሳልኩት እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ቡድናቸው ከተበተነ ቆይቷል፤ የቀሩትን ጠራችና መረቁት። «ካንተ ሌላ ማን ይመታዋል? ያንተ ይሁን» አሉት።

ትንሹ ግን ቢፋቅ ቢፋቅ ምንም የለውም። ክፍት በሆነው ታችኛው በኩል እጁን ሰዶ ሲዳስስ ግን፣ አንድ ስንጥቅ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቶ አገኘ። በደርግ ጊዜ የተዘጉ የጴንጤ ጸሎት ቤቶች ዕቃ ለቀበሌ ኪነት ይሰጥ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍረን አናወራውም እንጂ። ካምባ ላይ ድራም የተወሰደባቸው ምእመናን አሉ ሲባል ሰማና ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ሄድን።

ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ አመጡልን። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ስንጥቁን በጣታቸው ተከተሉት።

«ሽቦው የኔ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት። እኛን ያሰሩ ቀን ነው የወሰዱት።»

ከዚያ ድራሙን አቅፈው አለቀሱ። ጋሽ አንጁሎ፣ ያ ጾም የማይሽር ኦርቶዶክስ፣ አብሯቸው መሬት ተንበርክኮ «ይኸው፣ ቤቱ ገባ አባቴ» አላቸው። ሽማግሌው ግን መልሰው አስታቀፉት። «ፈልገህ አመጣህልን፤ ይሄ ይበቃናል። አንተ ዘንድ ይኑር።»

ስንመለስ ጭነቱ ላይ ሆኖ የሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ መናገሩ ነው። በየሠርጉ ከመጀመሩ በፊት ተነስቶ «ይሄ የምዕራብ ዓባያ ሰዎች ነው፤ ይሄ የካምባ ነው» እያለ ድራሙን ማስተዋወቅ ጀመረ። ወሬው ያ ዛሬ ፎቶውን የለጠፈው መሥሪያ ቤት ደረሰ። እርሻው የመንግሥት፣ ቀበሌው የመንግሥት፣ ስለዚህ ሁሉም የመንግሥት አሉና በፒክአፕ መጥተው ጫኑት። ዝናብ ሲበላው የት ነበሩ?

ለበዓል «አንድ ዓይነት ይምሰል» ብለው አረንጓዴ ቀቡት። ቆዳውን ሳይቀር! የሚመታውን ቆዳ በዘይት ቀለም! የሚመታ ሰው ሲያጡ ደግሞ እሱኑ ጠሩት። መጣ፣ ተቀመጠ፣ አንዴ መታ። እርጥብ ጆንያ የመታ ነው የሚመስለው። እንጨቶቹን ድራሙ ላይ አጋድሞ ከመድረክ ወረደ።

«ራሱ ነገረን፤ የነሱ አይደለም» አለኝ።

ዓመታት ሙሉ መልሱልኝ አለ። ኮሚቴ ይወስናል አሉት። ኮሚቴው ይኸው እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም። እሱ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲጭን ኖረ፤ ጭነት እስኪመጣ የጋሪውን ጠርዝ በጣቶቹ እየመታ።

ጋሼ፣ ዛሬ ያን ድራም ሬሳህ አጠገብ አቁመው ፎቶ ሊነሱበት ይዘውት መጡ አሉ። ሚስትህ በሩ ላይ ቆማ «በቁሙ የከለከላችሁትን ለሬሳው አታምጡበት» ብላ መለሰቻቸው። አንጀቴን አራሰችው።

እናትህ የፈሩልህ ጎሜ አልነካህም። እጅህ የገባውን ሁሉ ባለቤቱን ፈልገህ፣ ጠይቀህ፣ ተመርቀህበታል። የማንንም ሳትይዝ ሄድክ።

ደህና ሁን ጋሼ። ያንተ ግን እነሱ ቤት ነው።