ለጥምቀት ያልበረረ አውሮፕላን

እናቴ ቤት አንዲት በርጩማ አለች። ባለ ሦስት እግር ናት፤ ከዋንዛ የተጠረበች፣ ብዙ ሰው ተቀምጦባት የለሰለሰች። እንግዳ ሲበዛ ሕፃን ይቀመጥባታል፤ ሌላ ጊዜ ሽንኩርት የተከተፈበት ትሪ ያርፍባታል። በግራና በቀኝ ጎኗ የምስማር ቀዳዳዎች አሉባት። ማንም ልብ አይላቸውም፤ የእኔ ዓይን ግን እዚያ ቤት በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ይህች በርጩማ በልጅነቴ የአውሮፕላን ወንበር ነበረች። ያውም የእኔ ወንበር።

ዘመኑ ደርግ ነበር፤ አፈሳው የበረታበት ጊዜ። ቤታችን ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ለጥምቀት ታቦታት ከሚወርዱበት ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ፣ እናቴ በስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ዩኒፎርም እየሰፋች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ይርጋን ታሳድገን ነበር። ይርጋ ብላ ስም ያወጣችለት ቤቷ እንዲረጋላት ነው፤ እሱ ግን ከተወለደ ጀምሮ እግሩ አንድ ቦታ አርፎ አያውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማትሪክ ስላልመጣለት ቤት ውሎ ነበር። ያኔ ቤት የዋለ ጎረምሳ ወይ ለውትድርና ይታፈሳል፣ ወይ በጭልጋ አድርጎ ሱዳን ሊገባ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የማውቀው፣ አያ ይርጋ በጠዋት ተነስቶ ጓሮ እንደሚገባና እኔን ይዞ የሚበር አውሮፕላን እንደሚሠራ ብቻ ነበር።

አጽሙ ባሕር ዛፍና ሸምበቆ ነበር፤ ከኩሽናው በር ተነስቶ አጥሩ ድረስ ይደርሳል። የክንፉ ነገር ሲመጣ ጨርቅ ጠፋ። ቤት ውስጥ የነበረው ለእኔ ለጥምቀት ቀሚስ የተገዛው አቡጀዲ ብቻ ነው። እናቴ አቡጀዲውን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ «ቀሚስ ይሁን ወይስ ክንፍ? አንቺው ምረጪ» አለችኝ። ምን ምርጫ አለው! ቀሚስማ ያላት ልጅ ሞልታለች፤ ክንፍ ያላት ግን በሰፈሩ አንድም የለች። «ክንፍ!» ብዬ ዘለልኩ። እናቴ መርፌው ውስጥ ክር አስገባች።

ክንፎቹ ተሰፍተው ሲያልቁ ይርጋ ሰም እያቀለጠ በቡትቶ ይቀባቸው ጀመር፤ ዝናብ እንዳያሳልፉ ነው ይላል። ጓሯችን ጧፍ የሚሠራበት ይመስል ሰም ሰም ይሸት ነበር፤ የእናቴ እጅ፣ የይርጋ ጃኬት፣ የእኔም ፀጉር። ከክንፎቹ አንደኛው ጫፉ ሳይሰፋ ቀርቶ ዙሪያውን ገመድ ገብቶበታል። «ምነው አያ፣ ይሄኛው አፉን ከፈተ?» ስለው፣ «አየር ይግባበት ብዬ ነዋ!» አለኝ። አየር ለምን በአንዱ ብቻ ይገባል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ አያ ይርጋ ያለው ሁሉ ልክ ነበር።

ሌላውን ዕቃ የማሰባስበው እኔ ነበርኩ። ከሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ቀርቼ፣ ጎማ ጠጋኙን ደጅ ጠንቼ፣ ለአውሮፕላኑ እግር የሚሆን ያለቀ የመኪና ጎማ አመጣሁ። ለነዳጅ ታንክ ጀሪካን ከየጎረቤቱ ለመንኩ። ለመሪው ገመድ ፈለግኩ። በመጨረሻ ይርጋ በርጩማዋን ከኋላ አስቀመጠና የአባታችንን የቆዳ ቀበቶ ሁለት ቦታ ቆርጦ በምስማር ጎንና ጎኗ ላይ መታው። አስቀምጦኝ አሰረኝ። «እንዳትወድቂብኝ» አለኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ እዚያ ላይ እየታሰርኩ እውል ነበር። አባቴን በደንብ አላስታውሰውም፤ ቀበቶው ወገቤን ሲይዘኝ ግን ያቀፈኝ ይመስለኝ ነበር።

መቼ ነው የሚበረው ብዬ ስነዘንዘው መልሱ አንድ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አይደል የሚባለው? ለጥምቀት ያልበረረ አውሮፕላንም ይበጣጠስ!» ይላል። ሞተሩስ ስለው፣ «ሞተር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው» ይለኛል። እናቴ መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ፈገግ ትላለች። ለእኔ ፈገግታ የመሰለኝ ምን እንደነበር እንጃ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ካነገተ ጥበቃ ጋር ጓሯችን ድረስ ዘልቆ ገባ። ከሰፈሩ ልጆች አንዳንዶቹ ጠፍተው ስለነበር ቤት ለቤት እያሰሰ ነው። ጀሪካኑን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ሁሉ ዝግጅት ወዴት ሊኬድ ነው?» አለ። ይርጋ ወደ እኔ ዞረ። ከቤት ውስጥ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቀጥ አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እኔን፣ «ነይ እስቲ ሸጋዋ፣ አንቺ ንገሪኝ። ጀሪካኑ ምን ሊሠራ ነው?» አለኝ። ልጅ አይዋሽም ይባል የለ።

አልዋሸሁም። እጁን ይዤ አንድ በአንድ አስጎበኘሁት። ይሄ ነዳጅ፣ ይሄ መሪ፣ ይሄ ማረፊያ እግር፣ ይሄ የእኔ ቀሚስ የነበረ ክንፍ። «አንቺስ የት ነሽ?» ሲለኝ ሮጬ በርጩማዬ ላይ ወጣሁና ቀበቶዬን አጥብቄ፣ «እዚህ ነኝ! ለጥምቀት ነው የምንበረው!» አልኩት። ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «በል ጓድ ፓይለት፣ ለአብዮት በዓል ሰልፍ እናወጣዋለን» ብሎ የይርጋን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። የስፌት መኪናው እንደገና መንኳኳት ጀመረ። ማታ እናቴ ጉርሻዬን ከወትሮው አተለቀችው፤ ይርጋም ግንባሬን ሳመኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ኮራሁ።

የከተራ ዕለት ያለፈውን ዓመት አጭር ቀሚሴን ለበስኩ። ይርጋ ተንበርክኮ መቀነቴን ጠበቅ አድርጎ አሰረልኝ። «መጀመሪያ ብቻዬን ልሞክረው። ታቦታቱ ቀሐ ሲደርሱ በላያችሁ አልፋለሁ፤ ከዚያ ተመልሼ አንቺን አሳፍራለሁ። አንቺ ሰማዩን ብቻ እዪ። ዓይንሽን ከሰማዩ እንዳትነቅዪ» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወሬውን እየነዛሁ ከእናቴ ጋር ቁልቁል ወረድን።

ቀሐ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ከበሮው፣ እልልታው፣ ከጭልጋና ከደንቢያ ጋቢውን ተከናንቦ ዱላውን ይዞ የመጣው ባላገር፣ አቧራው፣ የተረገጠው ቄጠማ ሽታ። ሰው ሁሉ ታቦት ያያል፤ እኔ ሰማይ አያለሁ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አዛውንት፣ «ምነው ልጄ፣ ታቦቱ በዚህ ነው እኮ» አሉኝ። «የሚመጣው በላይ ነው» አልኳቸው። ሌላ መስሏቸው፣ «እውነትሽን ነው» ብለው አማተቡ። አንድ ጭልፊት ሲዞር ልቤ ዘለለ። ከዚያ ምንም አልመጣም። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ አንገቴ ደረቀ፣ ልጆቹ «ፓይለት! ፓይለት!» እያሉ ያሽሟጥጡኝ ጀመር። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም።

ቤት ስንደርስ የእናቴን እጅ አስለቅቄ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ክንፎቹ የሉም። ጀሪካኖቹ የሉም። ገመዱ ተፈትቷል፣ ጎማው ተልጦ ተወስዷል። ሸምበቆው ብቻ እንደታረደ በግ አጥንት ቆሟል። በርጩማዬ መሬት ላይ ተጋድማለች፤ ቀበቶዋ ከነምስማሩ ተነቅሏል። «እማዬ፣ ሌባ ገብቷል!» ብዬ ስጮህ እናቴ ደርሳ አፌን በመዳፏ ከደነችው። አልደነገጠችም። ያኔ ነው ታውቅ እንደነበር የገባኝ። እጇ ሰም ሰም ይሸታል። ለእኔ ሰሙን ሰጥተውኝ ወርቁን ለራሳቸው አስቀርተው ኖሯል።

ከበዓሉ በኋላ ሊቀመንበሩ መጣ። እናቴ ቀድማ፣ «ጥምቀት ሊያከብር እንደወጣ ቀረ፤ አፍሳችሁት ከሆነ ንገሩኝ! ይቺን ልጅ እዩልኝ፣ እህል አልቀምስ አለች» እያለች አለቀሰችበት። እኔ የምሬን ነበር የማለቅሰው። አይቶኝ አዘነና ሄደ። እንባዬም አልቀረ፤ እሱንም ተጠቀሙበት።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ይርጋ ከስደት ሲመለስ በእውነተኛ አውሮፕላን አዘዞ ማረፊያ ወረደ። ቤቱ በእንግዳ ሞላ። እሱ መሐል ተቀምጦ፣ ወደ ሱዳን ሲሻገር ጀሪካኑ ለቆላው በረሃ ውኃ እንደያዘ፣ አፉ ክፍቱ ክንፍ ከረጢት ሆኖ በሶ እንደተሸከመ፣ ቀበቶው ማንገቻ፣ ጎማው በረባሶ እንደሆነ አወራ። ቤት የሚያስስ ካድሬ የተደበቀ ነገር እንጂ ጓሮ የተሰጣ ነገር አይጠረጥርም አለ። «ይቺ ባትኖር ኖሮ አልቆልኝ ነበር!» እያለ ትከሻዬን ሲያቅፈኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «ግን አያ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲበር አስበህ ነበር?» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ያለ ሞተር?» አለ፤ ቤቱ እንደገና በሳቅ አውካካ። ሞተር እንደሌለውማ እኔም አይቻለሁ። ሞተሩን እሱ ያመጣዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ወንድሜ በመትረፉ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ማንም አይማኝ። ግን ያታለሉት ሊቀመንበሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ አብሬያቸው እስቅ ነበር።

አምና እናቴን ልጠይቅ ሄጄ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥላት ድንገት ከአፌ አመለጠኝ። ለምን አልነገራችሁኝም አልኳት። እንደ መገረም ብላ፣ «ምነው ልጄ፣ አንቺ ባታምኚው ማን ያምነን ነበር?» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ሳይሰናበትሽም አልሄደ። ቀሐ ላይ በኋላሽ ነው ያለፈ። ከጭልጋ ሰዎች መሐል ጋቢ ተከናንቦ መጥቶ ቆመ። ሊስምሽ ጎንበስ ሲል እኔ ነኝ በዓይኔ ‹ሂድ› ያልኩት» አለች።

«እኔስ?» አልኳት።

«አንቺማ አንጋጠሽ ነበር።»

ሰማዩን እዪ ያለኝ ለካ መንገዱን እንዳላይ ነው። ያኔ አውሮፕላን ሲያልፍ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከቤት እየወጣ ይጮህ ነበር፤ ዛሬ ጎንደር አውሮፕላን ለምዳለች፣ ቀና የሚልም የለ። ትንሿ ልጄ ብቻ ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀሚሴን ይዛ እየጎተተች፣ «እማ፣ እዪው! እዪው!» ትለኛለች። አየሁት እላታለሁ፤ ግን ወደ ላይ አላይም። እሷ አንጋጣ ስታይ እኔ መንገዱን አያለሁ፤ ጋቢ የተከናነበ ሰው ያልፍ እንደሆነ።