የዓሣ በረዶ ላይ የዋለው መርፌ

መድኃኒቴ ከአይጥ የመጣ ነው። ይህን ስናገር የሰሚው ፊት ስለሚጨማደድ መናገሩን ትቻለሁ። ደግሞስ ለማን ልናገር?

አዋላጅ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኩሌ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ከደቡብ ሱዳን የመጡ እናቶችን አዋልዳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ጋምቤላ ከተማ ወዳለችው አንድ ክፍል ቤቴ እመለሳለሁ። እዚያ የሚጠብቀኝ ማቀዝቀዣዬ ነው። ውስጡ ሽንኩርት፣ ሎሚና አንድ መርፌ አለ። በየወሩ አንዱን ጭኔ ላይ ራሴ እወጋለሁ። ካልተወጋሁ ጣቶቼ ይታጠፉና አልዘረጋ ይላሉ። ጣቷ ያልታዘዘላት አዋላጅ ምን ትሠራለች? ባልም ልጅም የለኝም፤ ያለኝ እጄ ነው። ሆድ ስዳብስ ሕፃኑ ጭንቅላቱን ወዴት አድርጎ እንደተኛ በእጄ አውቃለሁ። ይህን ካጣሁ ምን እንደሚቀረኝ ማሰብ ጀምሬ ብዙ ጊዜ አቋርጬዋለሁ።

ሕመሙን ሰው ሪህ ይለዋል። አዲስ አበባ ያለችው ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚያባርሩለት ዘበኞች አሉት፤ አንዳንዶቹ አንቲቦዲ ይባላሉ። የእኔዎቹ ዘበኞች ባለቤቱን ሌባ ነው ብለው ይደበድባሉ። የገዛ መገጣጠሚያዬን አያውቁትም። ይህን ግርግር የሚያበርድ ሌላ አንቲቦዲ ከውጭ ይሰጣል። ድሮ ከተራ አይጥ ይሠሩት ነበር፤ ሰውነት ግን የአይጥ መሆኑን እያወቀ ያባርረው ጀመር። ስለዚህ የአይጧን ዘረመል ለወጡት፤ አንቲቦዲ የምትሠራበትን የራሷን አውጥተው የሰውን ተኩባት። ከእሷ የተገኘው ሴል ፋብሪካ ውስጥ ይራባል፣ የሚወጣው መድኃኒትም የሰው ነው። ሰውነቴ ሲያየው የቤት ልጅ መስሎት ያሳልፈዋል። አሁን ደግሞ በላሞችም እየሞከሩት ነው አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አይጧ ማሰብ አበዛሁ። ወላጆቼ በሰፈራ ዘመን ከወሎ መጥተው እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ አጠገብ ነው እርሻ የያዙት፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። እዚህ “ደገኛዋ” ነኝ። ወሎ አክስቴን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ደግሞ የሰፈሩ ሰው “የጋምቤላዋ መጣች” ብሎ ሊያየኝ ወጣ። አይጧም እንደኔ ናት። ወደ አይጦች ብትሄድ ሰው አለባት፣ ወደ ሰው ብትመጣ አይጥ ናት። ከሰው ይልቅ አይጥ የገባችኝ ዕለት ብቸኝነቴ የት እንደደረሰ አወቅሁ።

ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ አኙዋ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ባሮ ድልድይ አጠገብ ዓሣ የምትሸጥ ሴት። ለዓመታት ያገናኘን ውኃ ብቻ ነበር። የቧንቧ ውኃ የሚመጣው እኔ በሌለሁበት ቀን ስለሆነ ቁልፌን ለሷ ትቼ እሄዳለሁ፤ በርሜሌን ትሞላልኛለች። ከዚያ ውጪ “ሲስተር፣ ደህና ነሽ?” ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላለሁ፣ አለቀ። አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን መድኃኒት ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ስገባ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። ሰው የናፈቀው ሰው ጠያቂ ሲያገኝ ማቆሚያ የለውም። ጣቶቼን አሳየኋት፣ ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚገድለው ነገርኳት፣ አይጧንም አላስቀረሁም። “አይጥ? ሰው ሆነች?” ብላ ሳቀች። ደግማ ሳቀችና ዓሣዋን ወደ ማጠቡ ተመለሰች። ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ብዬ ገባሁ።

በመጋቢት ሙቀት አንድ ቅዳሜ ከኩሌ ስመለስ፣ መብራት ከሄደ ቀናት እንደሆነው የባጃጁ ሹፌር ነገረኝ። ሮጬ ገባሁ። ማቀዝቀዣውን ስከፍት የሞቀ የሽንኩርት ሽታ ፊቴን መታኝ። መርፌው የለም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ የዚያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ማለት ጀምረው ነበር፤ የሚቀጥለው መርፌ ደግሞ ከወር በፊት አይደርስም። እንደተቀመጥኩ ጎረቤቴ እርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ገባች። ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

“ሲስተር፣ መብራት ሄደ። መድኃኒት ይሞታል ብዬ ከዓሣ ጋር በረዶ ላይ አስቀመጥኩት” አለችኝ፣ መርፌውን ከነከረጢቱ እያቀበለችኝ።

ላመሰግናት ሲገባኝ ፈራሁ። ሙቀት እንደሚገድለው ነግሬያታለሁ፤ በረዶ መሆንም እንደሚገድለው ግን አልነገርኳትም። አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም ይጣላል፣ መርጋቱም በዓይን አይለይም። ክትባት ይዞ ገጠር የወጣ የጤና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት አለ። በፕላስቲክ የታሸገውን በረዶ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ከክትባቱ ጋር አያስቀምጡትም፤ ላብ እስኪያወጣ፣ ሲወዘውዙት ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ይጠብቁታል። ላብ ያወጣ በረዶ ያቀዘቅዛል እንጂ አያረጋም። የሷ በረዶ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቅኋት። ጥያቄዬ ስላልገባት ባለበረዶውን ጠይቂው አለችኝ።

ባለበረዶው ባሮ ዳር በጄኔሬተር በረዶ እየሠራ ለዓሣ ሻጮች የሚያከፋፍል፣ እንደኔው ደገኛ የሆነ ጎልማሳ ነው። ሄጄ ነገሩን ሳስረዳው ዘና ብሎ መለሰልኝ። ደረቅ በረዶ የዓሣውን ሥጋ ስለሚያቃጥለው እነሱም ውኃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። የእኔ መርፌ ደግሞ በከረጢት ተጠቅልሎ ከላይ ነበር፤ ሴትዮዋም ጠዋትና ማታ እየመጣች ስትዳብሰው ሰንብታለች።

“መጀመሪያማ እምቢ ብያት ነበር” አለኝ። “የዓሣ ሳጥን ውስጥ መድኃኒት ምን ይሠራል፣ የማን ነው አልኳት። የእህቴ አለች። የትኛዋ እህትሽ፣ ያቺ ጎረቤትሽ ደገኛዋ? አልኳት።”

“እሷስ ምን አለች?”

“‘አይጥ ለሷ ሰው ሆነ። እኔ እህት መሆን ያቅተኛል?’ አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።”

እኔ ግን ገብቶኛል። ፊቴን ወደ ባሮ አዙሬ አለቀስኩ። ሰውየው ለመድኃኒቱ የማለቅስ መስሎት አይዞሽ አልተበላሸም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልተበላሸም ነበር፤ ይህንንም የምጽፈው በራሴ ጣት ነው።

መርፌውን ይዤ በሷ በር በኩል ሄድኩና ደጃፏ ላይ ካለው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጭኔን ስጠርግ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ አጠገቤ መጣች። ወጋሁ።

“ያማል?” አለችኝ።

ያን ያህል ጊዜ ብቻዬን ስወጋ አንድም ቀን ያመመኝ አይመስለኝም። ያን ቀን አመመኝ። አዎ፣ ያማል አልኳት።