ወድቃ እንድትቀር የተመኘኋት መርከብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ፀዳ ከተማ ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ ኮምፒውተር ላይ የምታበርራት የጠፈር መርከብ ስትከሰከስ በደስታ አያለሁ...

ክፉ ናት አትበሉኝ። ልጄ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ይኸው ዓመቱን ሙሉ ቤት ተቀምጣ የጠፈር ውጊያ ጌም ትነካካለች። ጌሙን የሠሩት ሌሎች ናቸው። የሷ ድርሻ አየር ነው! መርከቦቹ ከጠፈር ወደ ምድር ሲወርዱ እንደ እውነተኛ አየር የሚይዛቸው ኮድ ትጽፋለች።

ስንጨቃጨቅ ከርመን ተስማማን። እስከ እሁድ መርከቧ በደንብ ካልበረረች፣ ሰኞ ወረዳ የተገኘላትን ሥራ ትጀምራለች።

መርከቧ አየር ውስጥ ገባች። ሰላም ወደ ቀኝ አዞረቻት። አፍንጫዋ ዞረ... መርከቧ ግን በጎኗ እየተንሸራተተች በዚያው በፊቱ መንገዷ ሄዳ ከተራራው ጋር ተላተመች። አሥር ጊዜ ሞከረች፣ አሥር ጊዜ ተራራው ላይ። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

ዝም ማለት ነበረብኝ።

«ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ እንዴት ዝም ይላታል?» አልኳት።

«በሁሉም በኩል እኩል ነው የሚይዛት። አየር አየር ነው እማዬ።»

ደሜ ፈላ። ይህ ቤት ሲሠራ አባቷ አንድ ሚስማር ሳያቀብለኝ ጠፍቶ፣ የጣራውን ቆርቆሮ በነፋስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ለኔ አየር አየር ነው ትለኛለች!

ጓሮ ወስጄ የተረፈ ቆርቆሮ አስያዝኳት። ጠርዙን ለነፋሱ ሰጥታ ስትራመድ ምንም አላላትም።

«አሁን ሆዱን ስጪው።»

ነፋሱ ከነቆርቆሮዋ ገፍቶ አጥሩ ላይ ለጠፋት።

ጎረቤታችን አያ ከድር በአጥሩ ብቅ አሉ። «ምነው ይችን ሸጋ ልጅ? ባል እምቢ ብላ ነው?»

ሰላም እየሳቀች ቆርቆሮውን ጥላ ወደ ቤት ሮጠች። ጥቂት ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። መርከቧ ወረደች... ዞረች... አየሩ ሆዷን ደግፎ ተራራውን ታክካ አለፈች።

«በረረች!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችብኝ። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ «እማዬ፣ ነፋሱ ከዝናብ ጋር ሲመጣስ?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት።

ፊደል በሃምሳ ዓመቴ ገብቶኛል፤ አፍ መዝጋት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።