ለቀኝ ጆሮ የቀረ ጊታር

ጓደኛዬ ክፍሉ ውስጥ ስትጫወተው ደረት የሚሞላ የነበረው ጊታር ተቀርጾ ከስፒከሩ ሲወጣ ሽቦ ብቻ ሆነ። ድምፅ ቀራጩ ቀበና ወንዝ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን የለበጠ፣ ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው ነው።

«አንቺ፣ ጊታርሽ ሁዳዴ ይዟል እንዴ? ከሳ እኮ!»

«እኛ ሁዳዴ የለንም፤ እሱን ጠይቀው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሳቅን።

ቤተሰቦቿ ጉርድ ሾላ የሚኖሩ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሷም በቸርቻቸው ኳየር ጊታር ትጫወታለች። እኔ የየካ ሚካኤል ልጅ ነኝ። ግጥሙ የኔ፣ ዜማው የሷ ነው። ዘፋኝ ስላላገኘን እኔው ዘፈንኩት። ስለ እሷ የጻፍኩት መሆኑን ታውቃለች፤ አንድም ቀን ግን አላነሳችውም።

የጊታሩን ድምፅ ከፍ አደረግነው፤ ጮኸ እንጂ አልሞላም። ቀራጩ ማይኩን ከአምፕሊፋየሩ አራቀ፣ አቀረበ፣ ወደ ጎን አዞረ። በመጨረሻ «ሁለቴ ትጫወተዋለች» አለ። «አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስቀምጠዋለሁ። ያኔ ይወፍራል።»

«ለምን ያንኑ ኮፒ አታደርገውም?» አልኩት፣ ኮምፒውተር የገባኝ መስሎኝ።

«አንተ ባለቅኔ፣ ኮፒ እኮ ያው ራሱ ነው!» ብሎ ኮፒ አድርጎ አሰማኝ። እውነቱን ነው፤ ድምፁ መሃል ላይ በረታ እንጂ አልሰፋም። «ሰው አንድን ነገር ሁለቴ እኩል አድርጎ መጫወት አይችልም። ጊታሩን የምታወፍረው ያቺ ትንሿ ልዩነት ናት።»

የግራውን ተጫውታ ጨረሰች። የቀኙን ልትጀምር ስትል መብራት ሄደ። ጠበቅን፤ አልመጣም። ቅዳሜ ልትመለስ ተስማምተን ተለያየን።

ሳምንቱን እግሬ አላርፍ አለኝ። በባሕር ዛፎቹ መሃል እንጦጦን ስወጣ ስወርድ፣ ከቀረጻው በኋላ የምነግራትን ነገር በቃሌ አጠናሁ። ይሄኛው ግጥም አልነበረም። እወድሻለሁ፣ በእምነት መለያየታችንን ደግሞ አብረን እናስብበት፤ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ያለ ጊታሯ መጣች።

«የኳየር ኃላፊዎቹ ሰምተዋል» አለችኝ በሩ ላይ። «ዓለማዊ ዘፈን ላይ ትጫወቻለሽ ወይ ብለው ጠሩኝ።»

«እና?»

«ምረጪ አሉኝ። እነሱ ላይ እንዳትፈርድ፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ።» ወደ ቀራጩ ዞረች። «የግራውንም አጥፋልኝ።»

ቀራጩ እኔን አየኝ።

«አንዴ እንስማው» አልኩ።

ከፈተው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። የግራ እጇ ጣቶች ጉልበቷ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ይጫናሉ፣ ይነሳሉ፣ ቦታ ይቀይራሉ። ያልተቀረጸውን እየተጫወተችው ነበር። አንዳንድ ቦታ ከስፒከሩ ጥቂት ትዘገያለች፣ አንዳንድ ቦታ ትቀድመዋለች። ድምፅ የለውም፤ እኔ ግን በቀኝ ጆሮዬ የሰማሁት መሰለኝ። ቀራጩም ከኮምፒውተሩ ዞር ብሎ ጣቶቿን ያያል።

ዘፈኑ አለቀ። እጇን ከጉልበቷ አነሳች።

«አጥፋው» አልኩት።

እስከ ቀበና ድልድይ ሸኘኋት። ያጠናሁትን ብነግራት ሁለተኛ ምርጫ ልጭንባት ሆነብኝ፤ የመጀመሪያውን ገና አሁን መርጣ መውጣቷ ነው።

«ግጥሙ ጥሩ ነበር» አለችኝ፣ መንገዱን እያየች። «ያኔ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

«ያኔ» የምትለዋ ቃል ጨረሰችኝ።

«መገናኛ! ሁለት ሰው! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ረዳቱ የሚጣራበት አንድ ታክሲ አጠገባችን ቆመ። እሷ ገባች። ረዳቱ ለኔ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አልሄድም» አልኩት።

«ታዲያ በር ላይ ምን ገተረህ!» አለኝና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ጮኸ።