የዓሣዬ አስታማሚ

ከጎረቤቴ ጋር ታርቀናል። ሽማግሌ ፊት ትከሻ ለትከሻ ተሳስመናል፣ ተመራርቀናል። ያን ጊዜ ትከሻውን ያልነከስኩት የቀሩኝን የፊት ጥርሶች ስለምሳሳላቸው ብቻ ነው።

መተማ ዮሐንስ ላይ ፀጉር ቤት አለኝ። ሙቀታችንን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ልንገረው፤ በሚያዝያ ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ተቀቅሎ ነው የሚወጣው። በዚህ እሳት ውስጥ ደንበኛዬ ውሃ እያየ ነፍሱ ትቀዝቀዝለት ብዬ ከጎንደር አንድ የመስታወት ገንዳና ሦስት ወርቃማ ዓሦች አመጣሁ። በፌስታል ሞልቼ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ ይዣቸው ነው የመጣሁት፤ መንገዱ ሲያነጥረን እኔን እንጂ እነሱን አላቅለሸለሻቸውም። ከዚያ ወዲያ ትናንት የተቆረጠ ሰው ዛሬም ሊቆረጥ ይመጣ ጀመር። መላጣዎች ሳይቀሩ ወረፋ ያዙ።

ጎረቤቴን ይህ አንገበገበው። እሱ ከጎኔ የትራክተር ጋራዥ አለው፤ በዚያ ላይ የቀበሌው የወባ መከላከል ኮሚቴ አባል ነው። ክረምት ሲገባ ከኩሬ ኩሬ እየዞረ የተቃጠለ ዘይት ያፈሳል። የቆላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ዘይቱ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የወባ ትንኝ እጭ ትንፋሽ ያጥረውና ይሞታል። ሥራው መልካም ነው፤ ሥልጣኑን መውደዱ ነው ክፉ። አንድ ቀን የዘይት ጣሳውን ይዞ ደረቱን ነፍቶ ሲያልፍ፣ ደንበኛ በሞላበት «ተነሡ፣ ጄኔራሉ መጡ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሰማ።

በማግስቱ ምሳ በልቼ ስመለስ ገንዳዬ ጠቁሯል። ላዩ ላይ በሬ የሚያሰጥም ዘይት ተኝቶበታል። ሁለቱ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሞተዋል። ሦስተኛዋ ጥግ ላይ ተለጥፋ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እሱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው?»

«የቆመ ውሃ ነው» አለኝ። «የቆመ ውሃ ላይ ዘይት ይፈሳል። መመሪያ ነው።»

«ዓሣ እኮ የትንኟን እጭ ይበላል! የገዛ ወታደርህን ነው የጨፈጨፍከው!»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ፤ ወባውን ለኛ ተወው።»

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ እሽግ ምላጭ ነበር። ሰይጣንም አጠገቤ ነበር፣ ምላጩን እያቀበለ። ግን የምትተነፍስ ነፍስ አለችና፣ መጀመሪያ ታማሚዋ፣ ከዚያ ገዳዩ አልኩ።

ዓሦቹን ለሸጠልኝ የጎንደር ነጋዴ ደወልኩ።

«ከዚያ ውሃ ቶሎ አውጣትና ለብቻዋ ሆስፒታል ሥራላት» አለኝ። «ዕቃው አዲስ ይሁን፣ ሳሙና የነካው እንዳይሆን። የቧንቧ ውሃ እንደ ወረደ እንዳትሰጣት፤ ክሎሪኑ ይጨርሳታል። ጨው ቆንጠር አድርግባት። አየር ግን ከምንም በላይ።»

ሮጬ ሰፊ ሳፋ ገዛሁ። ደጃፌ ላይ ለመንገደኛ ብዬ የማስቀምጠው ዚር አለ፤ ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ የሸክላ ጋን። ውስጡ ያለው ውሃ ስለሰነበተ ክሎሪኑ በኗል። ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ከሞቀ ገንዳ ወጥታ ድንገት ብትገባበት ትደነግጣለች። ስለዚህ ሳፋው ውስጥ ገልብጬ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ጠበቅኩ። መተማ ላይ ይህ ብዙ አያስጠብቅም፤ ትንሽ ብዘገይ ስኳርና ሻይ ቅጠል ብቻ ነበር የሚቀረው። ጨዉን ቆነጠርኩ። ዓሣዋን በጎድጓዳ ሳህን ጨልፌ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ አስተኛኋት። ፀሐይ እንዳያገኛት የሳፋውን ግማሽ በእርጥብ የሰሊጥ ጆንያ ከደንኩት።

አየሩ ነው ያስቸገረኝ። መብራት ጠፍቷል፤ የገንዳው ማሽን አይሠራም። የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፋሁና አፉ ላይ የግሉኮስ ቱቦ አሰርኩ፤ የቱቦውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ከተትኩ። መቆጣጠሪያውን ላላ ሳደርገው አየሩ ቡልቅ ቡልቅ ይል ጀመር። ከመነዳሪው ሲሟሽሽ ግን በእጅ ፓምፕ እንደገና መንፋት ነው። አንድ ዙር ነፍቼ ላቤ ሁለተኛ ሳፋ ሊሞላ ደረሰ። በቀሌም ያን ጊዜ ብልጭ አለልኝ።

ከደንበኞቼ አንዱ፣ ከደጋ ወርደው ቆላውን ያቀኑ ሰዎች ልጅ የሆኑ የሰሊጥ ገበሬ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው የፈረዱትን የሚያፈርስ የለም። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«አባባ፣ ቁስለኛ አለብኝ። ያቆሰለው ጎረቤቴ ነው።»

«ሰው አቆሰለ?» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

«ዓሣ ነው፣ አባባ።»

ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡ። «አንተ ቀልደኛ! ሰሊጤን ትቼ ዓሣ ልሸምግል?»

«ነፍስ አይደለችም ወይ? ‹ያቆሰለ፣ ቁስለኛው እስኪነሣ ያስታምም› ብለው የሚፈርዱት እርስዎ አይደሉም? ወጉ ለባለ ሁለት እግር ብቻ ይላል?»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «ባለ ስንት እግር እንደሆነስ አይልም።»

«እሷ ደግሞ ጭራሽ እግር የላትም።»

«የባሰች ምስኪን!» አሉና ተነሡ።

ጋራዡ ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፈረዱ፤ ዓሣዋ እስክትነሣ ከመነዳሪውን የሚነፋው እሱ ነው። ሊከራከር ሲል «መመሪያ ትወድ የለ? ይኸውልህ መመሪያ» አሉት። ከዚያ አሳሳሙን።

ወይ ያ ቀትር! ውሻ እንኳ ጥላውን ተከትሎ በሚዞርበት ሰዓት እሱ ፓምፑን ይገፋል። እኔ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ከርከዴ በበረዶ እጠጣለሁ።

«በርታ እንጂ፣ በሽተኛዋ ትንፋሽ አጠራት።»

«ነፋሁ እኮ!»

«ቀኝ በኩሏ አልደረሰም።»

ዓሣዋ መብላት ጀመረች፤ ቀለሟ ተመለሰ፤ ጅራቷን እንደ ሙሽራ ታወዛውዛለች። እኔ ግን «ላይ ላዩን ነው፣ ውስጧ ገና ነው» እያልኩ ሳፋውን በጆንያ እሸፍናለሁ። በመጨረሻ ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው ጆንያውን ገለጡና «ይቺ ከእኔ ትሻላለች፣ መልሳት» አሉ። ገንዳውን ያለ ሳሙና በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ ነበርና፣ የሰነበተ ውሃ ሞልቼ መለስኳት።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። እሱ ግን እኔው ወንበር ላይ፣ እኔው እየቆረጥኩት፣ ለተራ ጠባቂዎች ምን አለ? «ባልነፋላት አልቆላት ነበር። በዚህ እጄ ነው ያዳንኳት!» ሰዉም «እግዜር ይስጥህ» አለው። ሁለት ነፍስ ያጠፋ ሰው ተመረቀ! መቀሴ ጆሮው አጠገብ ደርሶ ተመለሰ።

እሱን ሸኝቼ አሰብኩ። ባማው ይከሰኛል፤ ባሞግሰው ግን የትኛው ዳኛ ይፈርድብኛል? ከማግስቱ ጀምሮ ምላጭ አገጩ ላይ ያረፈበት ሰው ሁሉ የጎረቤቴን ገድል ሰማ። «ዓሣዋ ሞታ ደርቃ ነበር፤ እፍ አለባት፣ ተነሣች» እላለሁ። ለአብደራፊ ሹፌሮች «የተነፋ በሬ በአንድ ዳሰሳ ያድናል» አልኩ። ከገለጉ ለመጡ ሰዎች «አህያም ያክማል፤ ገንዘብ ካሳዩት ያኮርፋል» አልኩ። ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበርና ወሬዬ ከጆንያው ጋር ተጭኖ አገሩን አዳረሰ።

አሁን ጋራዡ ደጃፍ ላይ ትራክተር መቆሚያ አጥቷል። የምታነክስ ፍየል፣ የታመመች ላም፣ መጮህ የተወ አውራ ዶሮ ከጎህ ጀምሮ ተሰልፈዋል። ሰሞኑን ቤቴ ሮጦ ገባ፤ ፀጉሩ ላይ ላባ ተጣብቋል።

«ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ‹ሐኪም አይደለም› በላቸው።»

«ልዋሽልህ? ‹በዚህ እጄ አዳንኳት› ስትል ስንት ሰው ሰማህ።»

«ሲቀልድ ነው በላቸው!»

«እኔ በሐኪም አልቀልድም።»

ይህን እየተነጋገርን ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የመጣ አንድ ነጋዴ ግመል እየጎተተ ደጃፌ ላይ ቆመ። ግመሉ ያስላል፤ በሳለ ቁጥር የጣራዬ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቴ ዘሎ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ተሸሸገ።

«ያ ዞል» አለኝ ነጋዴው፣ ‹አንተ ሰው› ማለቱ ነው፣ «የከብቶቹ ሐኪም ቤት የት ነው?»

የምላጨውን ሰው ግማሽ ጢሙን እንዳንጠለጠለ ተውኩት።

«ዕድለኛ ነህ፣ እዚሁ አለ» አልኩና መጋረጃውን ገለጥኩለት።