ሰው የለበትም የተባለው መንደር

መንደራችን ሰው አልነበረበትም የሚል ካለ ይምጣና እኔን ይጠይቀኝ። ከቄስ ትምህርት ዳዊት ሳልደግም የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። መንደራችን ከወገዳ ከተማ በታች፣ ገደሉ ሥር ነው። ወደ ወገዳ የሚያወጣው መንገድ አንዲት ቀጭን መሄጃ ነበረች፤ የተጫነ አህያ ሲመጣ ሰው ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል። ገብሳችንን ተሸክመን ስንወጣ ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ይገዛዋል። መልሰን ተሸክመን እንደማንወርድ ያውቃላ።

አንድ በጋ ከአውራጃ አንድ ሹም በበቅሎ መጣ። መንገድ ሊወጣ ነው፣ በእናንተ በኩል ይሁን በማዶ የሚወሰነው በሰዉ ብዛት ነው አለን።

ሰው መቁጠር ደግሞ እኛ ዘንድ ይፈራል። የልጆቹን ቁጥር የሚናገር አባት የለም፤ ከብቱን እንኳ «ጥቂት አለች» ብሎ ያልፋል። የንስሐ አባታችን፣ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት እንደወረደ አስታወሱን። ግብር የፈራውም አብሮ አሜን አለ። ሹሙ ቤት ለቤት ሲዞር ልጁ ከከብቱ ጋር ቆላ ወርዷል፣ ጎልማሳው ጫካ ገብቷል፣ በየደጁ የቀረው አሮጊትና ውሻ ነው።

እኔ እምቢ አልሁ። ሚስቴ የበኩር ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ምጡ ቢጠናባት ወገዳ ካለው ሐኪም በምን አደርሳታለሁ? ደጄ ላይ ቆሜ ሹሙን ጠበቅሁና ሁለታችንን ይቁጠሩን፣ የሚመጣውንም ይጨምሩ አልሁት።

አማቴ ከጓዳ ሰምተው፣ «ልጄን ለቆጣሪ የምታሳይ ምን ሊሾሙህ ነው?» አሉኝ።

ሹሙ ሳቀ። «ሰውዬ፣ ያላችሁት አንተና አሮጊቶች ናችሁ። ለማን ብዬ ነው ገደል የማስፈልጥ?»

መንገዱ በማዶ ይሆናል ብሎ አደረና በማግስቱ ጧት ሽቅብ መመለስ ጀመረ።

የፈራሁት የደረሰው ያኔውኑ ነው። ሚስቴ ምጥ ጠናባት፤ አዋላጆቹ ከእጃችን በላይ ነው አሉ። አማቴ ደጅ ወጥተው «የሰው ያለህ» ብለው ተጣሩ። በእኛ አገር ቃሬዛ ሲነሣ የሚቀር ሰው የለም፤ የቀረ እንደሆነ የሱን ሬሳ የሚሸከምለት አይገኝም። ከጫካውም ከቆላውም ሰው ፈላ። ወንዱ ትከሻ እየተቀያየረ፣ ሴቱ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ ከኋላ እየተከተለ ሽቅብ ወጣን።

ገደሉ አጋማሽ ላይ ሹሙን ደረስንበት። በቅሎዋ መንገዱን ሞልታዋለች። ዘወር ብሎ ቁልቁል ቢያይ ሰዉ ገና ከሥር እየወጣ ነው።

«ይህ ሁሉ ሰው የት ነበር?» አለ።

«አገሩ ላይ። አሁን ቁጠር» አልሁት። ከዚያ ቀን በፊት ሹም አንተ ብዬ አላውቅም።

«እንግዲያው አውርዷትና ላሰልፋችሁ።»

«አናወርዳትም። ውረድና በቅሎህን ጎትት፣ መንገድ ዘግተህብናል።»

ወረደ። በቅሎውን እየጎተተ ፊት ፊታችን ወጣና አፋፉ ላይ ዳር ይዞ ቆመ፤ የሚያልፈውን ሁሉ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የንስሐ አባታችን የቃሬዛውን አንድ ወገን እንደተሸከሙ አቀርቅረው አለፉ።

አማቴ ከኋላ ነበሩ። ቃሬዛው ሲያልፍ የሹሙን ጣት አዩና ቆሙ።

«እሷን ሁለት ብለህ ቁጠራት» አሉት።

ከወገዳ ሁለቱንም ይዘን ተመለስን። ልጄ ዛሬ የልጅ ልጅ አሳይታኛለች፤ ስንት እንደሆኑ ግን አልነግራችሁም።

የተባለው መንገድ በጃንሆይ ዘመን በእኛም በማዶም አልመጣም። እኛ ግን ጠብቀን አልቀረንም። ከአዝመራ በኋላ ቃሬዛው የወጣበትን ገደል በዲጅኖና በመዶሻ እየፈለጥን፣ ተሸካሚ ጎን ለጎን የሚያልፍበት አደረግነው። አሁንም አለ። ሰው የላችሁም ያለን ይምጣና በእሱው ይውረድ።