ሁለት ቤዝ ጊታር፣ አንድ አልጋ

ልብስ ሰፊው እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ በባንዱ ውስጥ የሚጫወተው ግን ወፍራም ድምፅ ያለውን ቤዝ ጊታር ነው። ጓደኞቹ «ወፍራም ክር» የሚሉት ለዚህ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮት ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል ይጫወታል።

ጣጣው የመጣው ጊታሩ ሁለት የሆነ ጊዜ ነው። ቀዩ በወጣትነቱ የገዛው ነው፤ ክንዱ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ጥቁሩ ባለፈው ወር የመጣ ነው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ሁለቱም መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ቆመዋል።

ማክሰኞ ዕለት ሚስቱ «እናቴ እሑድ ትመጣለች፤ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር ናት። አልጋዋ የሚገባው እዚያ ጥግ ነው» አለችው።

«ጊታሮቹስ?»

«ለአንዱ ቦታ አይጠፋም። ሁለቱ ግን ከእናቴ ጋር አይኖሩም።»

አልተከራከረም። አማትና አልጋ ባንድ ላይ ከተነሱ ክርክር ትርፉ ድካም እንደሆነ ያውቃል። የጨነቀው የትኛው ይሂድ የሚለው ነበር። ቀዩን «ድምፁ ይሞቃል» እያለ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲያሞግስ ኖሯል፤ ጥቁሩን የገዛው ደግሞ «ይጠራል» ብሎ ነው። ተሳስቶ ደህናውን ቢያስወጣ ዕድሜ ልኩን ሊጸጸት ነው።

ሐሙስ ጊታሮቹን ሱቁ አመጣ፤ በምሳ ሰዓት ዘግቶ «በድምፅ ይለይ» አለ። ሥራውን እንደ ሥራ ያዘው። ለሁለቱም አዲስ ክር አስሮላቸዋል፤ የታጠበና ያልታጠበ ልብስ አይወዳደርምና። ገመዱ አንድ፣ ስፒከሩ አንድ፤ የድምፁን ቁልፍም እንዳይዛነፍ በልብስ ጠመኔ ምልክት አደረገበት። ከዚያ የባንዱን ከበሮ መቺ፣ የሚስቱን ታናሽ ወንድም፣ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ ውስጥ ከሁለቱ ጊታሮች ጋር አስገባው።

«ጋሼ፣ እኔ በቤዝ የማውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነው» አለ ከበሮ መቺው።

«አንድ ይበቃል። እየቀያየርክ ሦስት ጊዜ ተጫወት።»

እዚያው ሱቅ አብራው የምትሰፋው ሚስቱ «ገመዱን ልሰካለት» ብላ ወደ መጋረጃው ገባች፤ ወጥታም የኮት ቁልፍ መትከሏን ቀጠለች። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

የመጀመሪያው ተሰማ። «ይሄ ቀዩ ነው። ስሚው፣ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።»

ሁለተኛው። «ይሄ ጥቁሩ። ንጹሕ ነው፣ አልክድም። ግን ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።»

ሦስተኛው። «ተመለሰ ቀዩ። አየሽ፣ ቤቱ ሞቀ።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለች ሚስቱ፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ከተሳሳትኩ ጆሮዬን ቁረጪው።»

«መቀሱ እዚሁ ነው» ብላ መጋረጃውን ገለጠችው።

ከበሮ መቺው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ ያለው ጥቁሩ ነው። ቀዩ ከነቦርሳው ግድግዳ ተደግፏል፤ ዚፑ እንኳ አልተከፈተም።

«ሦስቱንም ጊዜ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ጋሼ፣ እኔ የለሁበትም። እሷ ናት ያዘዘችኝ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ነገሩም ገባው። ደንበኛ መጥቶ «ወገቡን ትንሽ አጥብብልኝ» ሲለው፣ የሚጠብ ነገር ካላየ ኮቱን ሁለት ቀን ሰቅሎ ያቆየዋል፤ ከዚያ ተኩሶ ይመልሰዋል። ደንበኛው መስታወት ፊት ይዞርና «አየህ፣ አሁን ልክ ሆነ» ይላል። ሚስቱ ይህን ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ስንት ዓመት አይታለች።

«ኮቱን ሳትነኪ መለስሽልኝ» አላት።

«ተኩሼ ነው እንጂ» አለችው።

ጠመኔ የተቀባውን የድምፅ ቁልፍ ዘጋ። ከዚያ ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አወረደ። ጆሮ ከከዳ ሜትር አለ። ሁለቱንም ጊታር ይዞ ቤት ሄደ፤ አናጢ ያመጣውን የአማቱን አልጋ ጥጉ ላይ ገጣጠመና ከወለሉ እስከ ሳንቃው ለካ፤ ዐሥር ሳንቲ ሜትር። ቀዩን በጀርባው አስተኝቶ ከፍታውን ለካ፤ ስምንት። ክር የሚጠመዘዝበት የጥቁሩ አናት ወደ ኋላ የታጠፈ ስለሆነ ሲያስተኙት ዐሥራ ሦስት ወጣው። ደግሞ ለካ። ያው ዐሥራ ሦስት ነው።

ቀዩ ከአልጋው ሥር ሸርተት ብሎ ገባ። ልብስ ሰፊውንም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳው ተስማማው።

ጥቁሩን ዓርብ ዕለት የሌላ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ሊገዛ ሱቁ መጣ። መላልሶ ከሞከረው በኋላ «ለምንድን ነው የምትሸጠው?» ሲል ጠየቀ።

ልብስ ሰፊው መዋሸት አልፈለገም። «አናቱ ወደ ኋላ ስለታጠፈ ነው» አለው።

ሰውየው አንዱን ክር መታና ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። «እውነትህን ነው፤ ድምፁም ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። እኔ ደግሞ የምወደው እንዲህ ያለውን ነው።»

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። እሷ አቀርቅራ ቁልፍ ትተክላለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ጆሮ አለህ» አለው ሰውየውን፣ የጊታሩን ቦርሳ እያቀበለው።